ስንት ዋት ነው?

«ስንት ዋት ነው?»

ይህን ጥያቄ ባለፉት ሦስት ወራት ከባለሱቅ ሰምቻለሁ፣ ከጠጋኝ ሰምቻለሁ፣ ከባንዳችን መሪ ሰምቻለሁ፣ ጊታርን ከክራር ለይቶ ከማያውቀው አጎቴ ሳይቀር ሰምቻለሁ። ወገኖቼ፣ እኔ ለጊታር አምፕሊፋየሬ አንድ ስፒከር መቀየር ፈለግሁ እንጂ የሕዳሴ ግድብ ላይ ተርባይን ልተክል አልተነሣሁም። ዛሬ ሆድ ስለባሰኝ እጽፋለሁ፤ ረዘመብኝ የሚል ይለፈው።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ፣ አንድ ሰርግ ቤት ነው። አምፔ፣ አምፕሊፋየሬ ማለት ነው፣ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ነው። ባለ ቲዩብ (እንደ ድሮ ሬዲዮ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ)፣ 85 ዋት፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ጀንሰን ስፒከሮች ጎን ለጎን የተገጠሙበት፣ ክብደቱ 29 ኪሎ ገደማ። ደረጃ ባየሁ ቁጥር ከእኔ ቀድሞ ወገቤ ያስታውሰዋል። በዚያ ምሽት የኪቦርዱ ማጉያ እንቢ አለና «ለዛሬ ብቻ» ተባልኩ። ለዛሬ ብቻ! ይሉኝታ በዚህ አገር ስንት ዕቃ እንደፈጀ አንድ ሰው በቆጠረልኝ። የጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 82 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የጊታር ስፒከርም የተሠራው ከዚያ በላይ ላለው ድምጽ ነው። ኪቦርዱ ግን በግራ እጁ ከዚያ እጅግ ወርዶ ባሱን ሲደልቅበት፣ የስፒከሩ ወረቀት ዳገት እንደወጣ ሽማግሌ ደረት ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲነሡ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ። ለሌላው ሰው የሻማ ሽታ መስሎታል።

በማግስቱ ከኋላ በኩል እጄን አስገብቼ የስፒከሩን ወረቀት በጣቶቼ ዙሪያውን እኩል ይዤ ቀስ አድርጌ ገፋሁት። የግራው እንደ ትራስ ሄዶ ተመለሰ። የቀኙ «ክርርር» አለ፤ ምጣድ ላይ አሸዋ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ድምጽ። ቦቢናው፣ ያ ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል፣ ተቃጥሎ አብጦ ከማግኔቱ ጋር እየተፋጨ ነበር።

ጋሼ የምላቸው አንድ ጠጋኝ አሉ። ከሬዲዮ ጥገና የተነሡ፣ እጃቸው የተባረከ ሰው ናቸው፤ አላማቸውም። ቦቢናውን በእጃቸው ጠቅልለው መለሱልኝ። ገጠምኩት። ባሱ የለም፤ ድምጹ ሁሉ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በአፍንጫ የሚወጣ ሆነ። ባለ 9 ቮልት ባትሪ አምጥቼ የሁለቱንም ጫፍ ተራ በተራ ነካ ነካ አደረግሁ። የግራው ወረቀት ወደ ፊት ብቅ ሲል የቀኙ ወደ ኋላ ገባ። ሽቦው ተገላብጧል። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው እየሳበ ባሱን እርስ በርሳቸው ያጠፋፉታል። ገልብጬ አሠርኩትና ተስተካከለ። ሁለት ሳምንት ሠራ። ከዚያ እንደገና ያ ሽታ።

«ልጄ፣ ይህን ተወውና አንድ ጠንካራ ነገር ልግጠምልህ» አሉኝ ጋሼ። ጠንካራው ነገር የመኪና ስፒከር ነበር። ፊቱ ላይ በወርቃማ ቀለም 1000 ዋት ተጽፎበታል። እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ ነገር ግን ቅዳሜ ሆቴል ውስጥ ሥራ ነበረኝ። እስቲ ሒሳቡን አብራችሁኝ አስቡ። ኦም ማለት ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት ልክ ነው፤ አምፑ ከሚፈልገው ሲያንስ አምፑ ይጨነቃል። ትዊኑ የሚፈልገው 4 ኦም ነው፤ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በትይዩ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ተካፍለው እንዲሠሩ፣ ሲገናኙ የሚመጣው እርሱ ነው። የመኪናው ለብቻው 4 ኦም ነው። ከተረፈው ባለ 8 ጋር ሲገናኝ ጠቅላላው ወደ 2.7 ይወርዳል፤ ከአምፑ ከሚወጣው ኃይል ሁለት ሦስተኛውን የሚወስደውም እርሱ ይሆናል። ወስዶስ? ወረቀቱ ከባድ ነው፣ የተሠራው ለመኪና ባስ ነው፣ የጊታሩን ጥርት ያለ ድምጽ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው የሚያወራው። ከድግሱ ሁለት ሦስተኛውን በልቶ እስክስታ ሲጠሩት ጉልበቴን የሚል ሰርገኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እርሱን አምፔ ውስጥ አስቀምጬ ነው የምሠራው። የአምፑ ትራንስፎርመር እስካሁን መትረፉ የእናቴ ጸሎት ነው።

እንግዲህ ትክክለኛውን ልፈልግ ብዬ ሱቅ ለሱቅ መዞር ያዝኩ። አንዱ ጋ «የጊታር ስፒከር አለ?» ስል «ሞንታርቦ ነው የምትፈልገው?» አለኝ። በእኛ አገር ድምጽ የሚያጎላ ሣጥን ሁሉ ሞንታርቦ ነው፤ የአንድ ጣሊያናዊ አምራች ስም መሆኑን ያስታወሰ የለም። አይደለም፣ ለጊታር ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ስንት ዋት?»

ሌላው ጋ አንድ ያገለገለ የጊታር ስፒከር ከመደርደሪያ ሥር ሲወጣ ልቤ ዘለለ። ጀርባው ላይ 8 ኦም ይላል። ልጁ ቴስተሩን አምጥቶ ለካና 6.4 አሳየኝ። «ወንድሜ፣ ልዋሽህ አልፈልግም፤ 8 አይደለም፣ ቅናሽ አደርግልሃለሁ» አለ። ዝም ብዬ ቅናሹን መቀበል እችል ነበር። አፌ አላስቀምጥ አለኝ። ቴስተር የሚለካው በባትሪ የሚያልፈውን እንደሆነ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው ደግሞ ሙዚቃ ሲያልፍበት ያለው እንደሆነ፣ ጤነኛ ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር 6 ወይም 7 ማሳየቱ ያለ ነገር መሆኑን አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ። ከዚያም ቅናሹን ሰረዘ። ወረቀቱን ገፋ አደረግሁት። ክርርር።

አሁን ስለዚህ ዋት ስለተባለ ነገር ልናገር። ዋት ማለት ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚሸከመው ነው። የአህያ ጭነትና የአህያ ጩኸት ምን አገናኘው? ጩኸቱን የሚነግራችሁ ዴሲቤል የሚባለው ነው፤ ለስፒከሩ 1 ዋት ሰጥተው በ1 ሜትር ርቀት ለክተው የሚጽፉት ቁጥር። ሴሌስሽን ብሉ የሚባለው የሚሸከመው 15 ዋት ብቻ ነው፤ የሚሰጠው ግን 100 ዴሲቤል ነው። ከዚያው ፋብሪካ ክሪምባክ የሚባለው 65 ዋት ይሸከማል፤ ዴሲቤሉ 97 ነው። ሦስት ዴሲቤል ትንሽ ትመስላለች። እርሷን ለማካካስ አምፑ እጥፍ ኃይል ማውጣት አለበት! ለዚያ ባለ ወርቅ ቀለም ባለ 1000 ዋት ይህን የሚነግርልኝ ሰው ባገኝ።

ዋት አይቆጠርም እያልኩ አይደለም፤ እኔም አንድ ቦቢና ቀብሬአለሁ። ግሪንባክ የሚባለውን ብዙ ሰው የሚሞትለትን ስፒከር እወደዋለሁ፤ ግን አንዱ 25 ዋት ነው፣ ሁለቱ 50፣ የእኔ ትዊን ደግሞ 85 ይተፋል። አንድ ሞቅ ያለ ቅዳሜ ይበቃቸዋል። ብሉዎቹ በቮክስ ኤሲ 30 ውስጥ ሁለት ሆነው በሰላም የሚኖሩት 15 እና 15 ሠላሳ ስለሆነ ነው። አንዱን ብቻ ልቀይር ካላችሁ ደግሞ የሁለቱ ዴሲቤል መቀራረብ አለበት፤ አለዚያ ጯሂው ዝምተኛውን ይውጠውና ሁለት ስፒከር ተሸክማችሁ አንድ ትሰማላችሁ።

ዋናው ንዴቴ ገና ነው።

ጤፍ ስገዛ ዘገን አድርጌ መዳፌ ላይ አየዋለሁ። ቅቤ ስገዛ አሽትቼ፣ በጥፍሬ ቆንጥሬ ቀምሼ ነው። በርበሬ እንኳን ምላሴ ላይ ነካ አድርጌ፣ አስነጥሼ ነው ገንዘብ የማወጣው። ከ150 ዶላር በላይ የሚጠየቅበትን፣ ሥራው ሁሉ ድምጽ የሆነውን ዕቃ ግን ድምጹን ሳልሰማ እንድገዛ ይጠበቅብኛል። በምትኩ የሚሰጡኝ ቅጽል ነው። አንዱ ስፒከር «ሞቃት» ነው። ሁለተኛው «እንደ ክሬም» ነው። ሦስተኛው «ብርጭቆ የመሰለ»፣ አራተኛው «ቡናማ»። ስፒከር እየመረጥኩ ነው ወይስ ኬክ ቤት ገብቼ ነው?

ቪዲዮ ተመልከት ይሉኛል። ተመለከትኩ። የ12 ኢንች ስፒከርን ድምጽ ጥፍሬን በምታክለው የስልኬ ስፒከር እየሰማሁ ሁለት ሌሊት አነጋሁ። እያነጻጸርኩ ነበር፤ ከምሬ! የሚያሳዩት ሰዎች ደግሞ ሁሉም ጊታሩን እንደ እህል ወፍጮ ያስፈጩታል። ለእነርሱ ሙዚቃ ልክ ይሆናል። እኔ የምፈልገው ትዝታ ላይ አንዲት ድምጽ ጥርት ብላ ተመትታ፣ ሳትቸኩል፣ በራሷ ጊዜ የምትሞትበትን ነው። አንቺሆዬ ላይ እነዚያ ተጠጋግተው የተቀመጡት ድምጾች ሳይደባለቁ አንድ በአንድ እንዲቆጠሩ ነው። ቪንቴጅ 30 የሚባለውን ሰው ሁሉ ያወድሰዋል፤ 60 ዋት ይሸከማል፣ 100 ዴሲቤል ይሰጣል። ጓደኛዬ ጋ አንድ ቀን ሞክሬዋለሁ። ከፍ ካለው የመካከለኛ ድምጽ ላይ ጎላ ይላል፤ ከበሮና ሁለት ጊታር ሲንጫጫ ያ ጉላት አንጥሮ ያወጣዋል። ብቻውን ትዝታ ሲጫወቱበት ግን በእኔ ጆሮ መርፌ አለው። ይህን አንድም ቪዲዮ አልነገረኝም፤ ትዝታ የሚጫወት ቪዲዮ የለማ።

ይህም ሆኖ አዲስ ስፒከር እንደ አዲስ ጫማ ነው። ብዙ ሰዓት እስኪጫወቱበት ድረስ ወረቀቱ ይገትራል፣ ቀጭኑ ድምጽ ይሻክራል። ሱቅ ውስጥ ብሰማው እንኳን የምሰማው ወደፊት የሚሆነውን አይደለም ማለት ነው። ሲጫወቱ እያለሰለሱት ይኖራሉ፤ ካልተስማማስ? ማን ሊቀበል!

በመጨረሻ ቆረጥኩ፤ ክሪምባክ፣ ሁለት፣ 65 እና 65 አምፑን በሰላም ይችሉታል፣ ቀጭኑ ድምጹም ለስለስ ያለ ነው። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ትመጣለችና እርሷን ለመንኩ። ስለ ዋጋው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላርን በብር ማባዛት አቁሜአለሁ፤ ጤናዬን እወዳለሁ። የከበደን ገንዘቡ ብቻ ቢሆን። «አንዱ አራት ኪሎ ገደማ ነው» ስላት፣ «ሁለቱ ስምንት?» ብላ ጮኸች። «ሻንጣው 23 ኪሎ ነው የሚፈቀደው። የእማዬ መድኃኒት አለ፣ የልጆች ጫማ አለ፣ የጎረቤታችሁ ላፕቶፕ አለ፣ አንተ ደግሞ ማግኔት ታሸክመኛለህ? ፍተሻ ላይ ምንድን ነው ሲሉኝ ምን ልበል?»

ስፒከር ነው በያቸው አልኳት።

«አንዱን ብቻ ነው የምይዝልህ።»

አንዱም ይሁን። ከተረፈው ጀንሰን ጋር አጣምረዋለሁ፤ ዴሲቤሉ ባይገጥም ጆሮዬ ይለምደዋል፤ ኦሙ ብቻ ይግጠምልኝ። 12 ኢንች፣ 8 ኦም። በቁጥር ጻፍኩላት፣ በፊደል ጻፍኩላት፣ በድምጽ መልእክት ላክሁላት፣ ፎቶውን አክብቤ ላክሁላት።

ትናንት ሌሊት ስልኬ ጮኸ። «ስማ፣ ባለ 8ቱ አልቆ ነበር። ደግነቱ ባለ 16 በዚያው ዋጋ አገኘሁልህ። እጥፍ ነው፤ በል መርቀኝ።»

መረቅኋት። ከዚያ ተነሥቼ 16ን ከ8 ጋር በወረቀት አገናኘሁት፤ 5.3። አዲሱ እንግዳ የሚደርሰው የአሮጌው ጀንሰን ግማሽ ኃይል ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ ተቀብያለሁ፤ ያ ድግስ በልቶ የማይጨፍረው ሰርገኛ እስካሁን አምፔ ውስጥ ተቀምጧል።