አላርም የሌለው ክሬን ከመብራት መስመር ሥር አይቁም

አንድ ጥያቄ ላንሳ። መሃል አዲስ አበባ ላይ፣ የመብራት መስመር በሚያልፍበት ቦታ፣ ክሬን ወይም የኮንክሪት ፓምፕ ወደ ሽቦው ሲጠጋ የሚጮህ አላርም ሳይገጠምለት ለምን ሥራ ይጀምራል? ፍሬን የሌለው ሲኖትራክ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ይውረድ የሚል ሰው የለም። ቡሙን፣ ማለትም ረጅም ክንዱን፣ ከሕንፃ በላይ የሚዘረጋ ማሽን ግን ከ15 ኪሎ ቮልት መስመር ሥር ቆሞ፣ ኦፕሬተሩ በዓይኑ ብቻ እየገመተ ቢሠራ ማንም አይገረምም።

ሰፈሮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮ፣ መርካቶ። ቦታው ጠባብ ነው። ሕንፃው ከመንገዱ ጠርዝ ይነሳል። ምሰሶውም እዚያው እግረኛ መንገዱ ላይ ተተክሏል። ማሽን የሚቆምበት ክፍት ቦታ ሲፈለግ የሚገኘው ሽቦው ሥር ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዋና ዋና መንገዶች ላይ መስመሮችን ወደ መሬት አስገብቷል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ከዋናው መንገድ አንድ ሁለት ቅያስ ወደ ውስጥ ስትገቡ ግን ሽቦው አሁንም ራስ ላይ ነው። ባለ አምስትና ባለ ስድስት ፎቁም እዚያው እየተሠራ ነው።

አደጋው ሲመጣ ኦፕሬተሩ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሥራው ራሱ ዓይኑን ይወስድበታል። ክሬን ላይ ያለ ሰው የሚያየው መንጠቆውንና ጭነቱን ነው። ፎርማኑ ከታች "ና! ና! ትንሽ ወደ ግራ! ይበቃል!" ይላል። ሽቦው ቀጭን ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ከታች ወደ ላይ ሲታይ ሁለት ሜትር ይራቅ አምስት ሜትር መለየት ይቸግራል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ለዓመታት የሠራ ባለሙያም ይሳሳታል፤ የሰው ዓይን ለዚህ ዓይነት ልኬት አልተሠራም።

የኮንክሪት ፓምፑን ጉዳይ ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ ኦፕሬተሩ ካቢን ውስጥ አይደለም። ሪሞቱን አንግቶ መሬት ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው። ቡሙ ሲዘረጋ በየመገጣጠሚያው እየታጠፈ ነው፤ ጫፉ ሶሌታው ላይ ደርሶ እንኳ መሃል ላይ ያለው ክርን ተነስቶ ሽቦው አጠገብ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሰው ጫፉን ያያል። ክርኑን የሚያይ የለም። ሽቦውን የሚነካው ደግሞ አንዳንዴ ክርኑ ነው።

ሽቦ ሲነካ ማን እንደሚሞት ማወቅ ያስፈልጋል። ካቢን ውስጥ ያለ ኦፕሬተር ከነማሽኑ አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ላይ ስለሚሆን፣ እስካልወረደ ድረስ የመትረፍ ዕድሉ ጥሩ ነው። አደጋው የሚከፋው መሬት ላይ ባለው ላይ ነው። ጭነቱ እንዳይወዛወዝ ገመድ የሚይዘው፣ ሰንሰለት የሚያስረው፣ የፓምፑን ቱቦ ጫፍ ይዞ ኮንክሪት የሚያፈሰው፣ ውሃ ሊጠጣ መጥቶ የማሽኑን ጎን የተደገፈው ልጅ። አብዛኛው የቀን ሠራተኛ ነው። ቡሙን የሚያንቀሳቅሰው እሱ አይደለም። ማሽኑ የት እንደቆመም ማንም አላማከረውም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፤ ሕይወት ያድናልና። ማሽኑ ሽቦ ከነካ ኦፕሬተሩ ካቢን ውስጥ ይቆይ። ከቻለ ቡሙን ያላቅቅ። ካልቻለ መብራቱ መቋረጡን የመብራት ሠራተኞች እስኪያረጋግጡ ድረስ አይውረድ። ሽቦው ዝም ስላለ ሞቷል ማለት አይደለም፤ መስመሩ ራሱን መልሶ ሊያበራ ይችላል። እሳት ከተነሳና መውረድ ግድ ከሆነ፣ ማሽኑንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለል። ከዚያ እግሩን ሳያነሳና ሳያራርቅ፣ እየጎተተ ይራቅ። በዙሪያው ያለው መሬት ራሱ ኤሌክትሪክ ይዟል፤ በሰፊው መራመድ በሁለቱ እግሮች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጥራል። ሌላው ሰው ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ጓደኛውን ሊጎትት የሮጠ ሰው ሁለተኛው ሟች ይሆናል።

ወደ አላርሙ እንመለስ። አሠራሩ ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ ያለበት መስመር በዙሪያው የኤሌክትሪክ መስክ አለው። በቡሙ ላይ የተዘረጋ የአንቴና ሽቦ ወይም ጫፉ ላይ የተገጠመ ሴንሰር ያንን መስክ ይለካል። የሚለካው ቮልቴጁን ተከትሎ የሚመጣውን መስክ ስለሆነ፣ በመስመሩ ላይ ብዙ ኃይል ቢያልፍም ባያልፍም ይሰማዋል። ልኬቱ አስቀድሞ ከተሞላለት፣ ማለትም ከተስተካከለለት፣ መጠን ሲያልፍ ካቢን ውስጥ መብራት ይበራል፣ ይጮሃል። ከካቢኑ ውጭም መጮህ አለበት፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬዋለሁ። ጄኔሬተርና ሚክሰር በሚያጓራበት ሳይት ላይ የማይሰማ ጡሩንባ እንደሌለ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አላርም ገዝቶ በብሎን ማሰር ማለት አላርም አለ ማለት አይደለም። አላርሙ ርቀት አይለካም፤ የመስክ ጥንካሬ ነው የሚለካው። 3 ሜትር ምን እንደሆነ የሚያውቀው እናንተ ስትነግሩት ነው። ስለዚህ በየሳይቱ መሞላት አለበት። ማሽኑ ይቆማል፤ እግሮቹ ይዘረጋሉ። የመስመሩ ቮልቴጅ ስንት እንደሆነ ከመብራት መሥሪያ ቤቱ ይጠየቃል እንጂ በግምት አይባልም። ከሽቦው በታች መሬት ላይ ገመድ ተዘርግቶ ቡሙ የማይገባበት ክልል በቀለም ይሰመራል። ቡሙ፣ ሰው ከጎን እየተመለከተ፣ ክልሉ ጠርዝ ድረስ በዝግታ ይሄዳል። አላርሙ እዚያ እንዲጮህ ይስተካከላል። ከዚያ ቡሙ ይመለስና ዝም ማለቱ ይታያል። ቡሙ ሲረዝም፣ ማሽኑ ቦታ ሲቀይር፣ ወይም ወደ ሌላ መስመር ሲዞር እንደገና ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የመፈተሻውን ቁልፍ ተጭኖ ማየት፣ የአንቴናው ሽቦ መበጠስ አለመበጠሱን በእጅ መዳሰስ። የደረቀ ኮንክሪት የተለጠፈበት ሴንሰርም መጽዳት አለበት።

ስለ 3 ሜትሩ አንድ ነገር ላስረዳ። በአሜሪካ የክሬን ደንብ እስከ 50 ኪሎ ቮልት ላለ መስመር ትንሹ ርቀት 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 200 ኪሎ ቮልት 4.6 ሜትር ገደማ ይሆናል። "15 ኪሎ ቮልት እኮ ይህን ያህል አይዘልም" የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ የሚዘለው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። 3 ሜትሩ ግን የተቀመጠው ለብልጭታው ብቻ አይደለም። ለነፋሱ፣ ለጭነቱ መወዛወዝ፣ ለኦፕሬተሩ ግምት መሳሳት ነው። ያንን ርቀት የሚሸራርፍ ፎርማን ለሰው ስህተት የተተወውን ቦታ እየበላ ነው።

አላርሙ ሁሉን ነገር ያያል ብዬ አልዋሽም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ኒኦሽ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሁለት ዓይነት አላርሞችን ፈትሾ ነበር። ቡሙ በአንድ አቋም ላይ ሆኖ ተሞልቶ በጣም በተለየ አቋም ሲሠራ፣ እንዲሁም አካባቢው ላይ ከአንድ በላይ መስመር ሲኖር፣ አላርሙ የሚጮህበት ርቀት ይዛባል። መሃል ከተማ ላይ ደግሞ ከአንድ በላይ መስመር የተለመደ ነው። አንድ ምሰሶ ላይ ከላይ 15 ኪሎ ቮልት፣ ከታች ወደየቤቱ የሚገባው 380 ቮልት፣ ማዕዘኑ ላይ ሌላ መስመር ያቋርጣል። አንዱ መስክ ሌላውን ሊያዳክመው ይችላል። ዛፍና የብረት ጣሪያም ይጋርዱታል። የተንጠለጠለው ጭነትም ሴንሰር የለውም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የባቡሩ ሽቦ ነው። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት፣ በዲሲ ነው የሚሄደው። አላርሞቹ የተሠሩት እንደኛ መብራት በሴኮንድ 50 ሳይክል ያለውን ተለዋዋጭ ጅረት፣ ኤሲን፣ እንዲሰሙ ነው። ለገሃር፣ ስታዲየም ወይም ሜክሲኮ አጠገብ የሚሠራ ክሬን የባቡሩን ሽቦ ሲጠጋ አላርሙ ዝም ይላል። ይህን የማያውቅ ኦፕሬተር ዝምታውን ደኅና ነው ብሎ ይተረጉመዋል። መሬት ውስጥ የገባው ኬብልም እንዲሁ ነው። አፈሩና የኬብሉ የብረት ሽፋን መስኩን ያፍኑታል። ለኤክስካቫተር የሚያስፈልገው የኬብል መፈለጊያ መሣሪያና የኬብሉ ካርታ ነው።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ካላየ ምን ያደርጋል?" ሊባል ይችላል። የኔ መልስ ቀጥተኛ ነው። መጀመሪያ የሚደረገው መብራቱን ማስቆረጥና መስመሩን በሽቦ ከመሬት ጋር ማገናኘት (ኧርዝ ማድረግ) ነው። ማስቆረጥ ካልተቻለ፣ ሽቦው በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ክሬኑ ወደዚያ እንዳይዞር በመቆለፊያ መገደብ ይሻላል። ከዚያ ሌላ ሥራ የሌለው ጠቋሚ ሰው ይቆማል። አላርሙ ከነዚህ ጋር ነው። የአሜሪካው ደንብ አላርምንና ጠቋሚን ከአማራጮች ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ አንዱን መርጠህ ውሰድ ነው ነገሩ። እኔ በኛ ከተማ ሁለቱም ይኑሩ ባይ ነኝ። ጠቋሚውን በሳይቶቻችን አይቼዋለሁ። አሥር ደቂቃ ይቆማል። ከዚያ "አንተ፣ ያንን ፌሮ አቀብል እስቲ" ይባላል። እሱ ዞር ሲል ማሽኑ አይቆምም። አላርሙ ግን ፌሮ አቀብል አይባልም።

አላርሙን የሚገድለው ሌላው ነገር ልቅ አሞላል ነው። ሰፊ ርቀት ላይ ተሞልቶ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ አላርም እኩለ ቀን ላይ ይጠፋል። ኦፕሬተሩን አልወቅሰውም፤ ማንም ሰው ያጠፋዋል። ጥፋቱ በሥርዓት ያልሞላው ነው። በትክክል የተሞላ አላርም የሚጮኸው መጮህ ሲገባው ብቻ ነው፤ ሰውም ያምነዋል። ማጥፊያውም በቁልፍ ይሁን፤ ቁልፉ በሴፍቲ ኦፊሰሩ ኪስ ይቀመጥ። አላርሙ ከተበላሸ ማሽኑ ይቆማል። "ዛሬን ብቻ እንጨርስ" የሚባል ነገር መቅረት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ገንዘቡን ማን ያውጣ? ክሬን አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው በሰዓት ነው። ማሽኑ የአንዱ፣ ሥራው የሌላው ነው። ባለ ማሽኑ "አላርም የሚያስፈልገው የእናንተ ሳይት ስለሆነ ነው" ይላል። ኮንትራክተሩ "ማሽኑ ከነሙሉ ዕቃው ይምጣ ብዬ ነው የተከራየሁት" ይላል። ኦፕሬተሩ መሃል ላይ ነው። "መስመሩ ስለሚያሰጋ አልሠራም" ካለ ሰዓት ተቃጠለ ይባላል፤ ነገ ሌላ ኦፕሬተር ይጠራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። ክርክሩ ግን አሠሪው ማን ነው የሚለው ላይ ይንጠለጠላል። አደጋ ከደረሰ በኋላ ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል።

ይህን የሚፈታው ውል ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ማንኛውም የመሃል ከተማ ግንባታ የዋጋ ዝርዝር ውስጥ አላርም ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፤ ሲሚንቶና ፌሮ እንደሚጻፈው። ያኔ ተጫራቾች ሁሉ ዋጋ ስለሚያስገቡለት፣ ለሠራተኛው ያሰበው ኮንትራክተር በጨረታ አይቀጣም። ኪራይ ውሉ ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ይጻፍ። አላርሙን የሚገጥመው ባለ ማሽኑ ነው። በሳይቱ ላይ የሚያስሞላውና የመስመሩን ቮልቴጅ ጠይቆ የሚያመጣው ኮንትራክተሩ ነው። ኦፕሬተሩ ለመስመር ሲል ያቆመው ሰዓት ይከፈላል። አማካሪው መሐንዲስ የጠዋቱን የአላርም ፍተሻ ፊርማ ካላየ፣ የዚያን ቀን የማንሳትም ሆነ የኮንክሪት ሥራ አይፈቅድም።