እናቴ፣ ጠበቃውና ድንኳኑ

እናቴ የምትኖረው እስራኤል፣ ርሆቮት፣ ቂርያት ሞሼ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ጤፉን በትከሻዬ ተሸክሜ የማወጣው እኔ ነኝ። ገለልተኛ ታዛቢ እንዳልመስላችሁ ቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እዚህ አገር አሮጌ ሕንፃ አፍርሶ መሥራትን «ፒኑይ ቢኑይ» ይሉታል። ኩባንያው ለነዋሪው ኪራይ እየከፈለ ያስወጣዋል፣ ያፈርሳል፣ ረጅም ፎቅ ያቆማል። ለነባሩ አዲስ ቤት ይሰጣል፣ የቀረውን ሸጦ ያተርፋል። ጠቡ ፊርማው ላይ ነው። ድሮ ከባለቤቶቹ 80 በመቶው መፈረም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ሁለት ሦስተኛ ወረደ። ይህን ያህል ሰው ከፈረመ በኋላ እምቢ ያለ «ሳርቫን» ይባላል። በቂ ምክንያት ከሌለው ጎረቤቶቹ ፍርድ ቤት ከሰውት ካሳ ሊያስከፍሉት ይችላሉ።

የእኛ ሕንፃ ሳርቫን ማን መሰላችሁ? እናቴ።

ፊርማ የሚያሰባስበው ጠበቃ አራት ጊዜ መጣ። አስተርጓሚ ይዞ፣ አንዴማ ኬክ ይዞ። እሷም ቡና አፍልታ እስከ በረካ ታጠጣዋለች። አትፈርምም። «ልጄ፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሰው ቢሞትብኝ ድንኳኑን የት ልትከል?» አለችው። አስተርጓሚዋ ሳቋ መጣ። ሰውዬው ግን ጻፈው። እውነቴን ነው፣ ደብተር አውጥቶ ጻፈው! በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ፕላን ዘርግቶ «እዚህ ጋ» ብሎ በጣቱ አሳያት። መነጽሯን አድርጋ አየችና «ይሄማ መኪና ማቆሚያ ነው» አለች። ልክ ነበረች።

እኔ ግን ተናድጃለሁ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የኢራን ሚሳኤል ሲመጣ የእሷ ቤት «ማማድ» የለውም፤ አዲስ ቤት ሁሉ የግድ የሚሠራለት የመጠለያ ክፍል ማለቴ ነው። ሳይረኑ እየጮኸ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ደረጃ ላይ ቁጭ። «ፈርሚ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት። ለሦስት ቀን ስልኬን አላነሳችም።

ብሶቴን አዲስ አበባ ለቀረው አጎቴ ደውዬ ነገርኩት። እሱ ዕድሜውን በሙሉ ካዛንቺስ፣ ቀበሌ ቤት ነው የኖረው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ኮሪደር ልማቱ ደረሰበት። የእናቴን ታሪክ ዝም ብሎ ሰማና፣

«ጠበቃ? እቤቷ ድረስ? አራት ጊዜ?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ቡናም ጠጣ?»

እሱን ለስብሰባ ጠሩት፣ ስሙን ከዝርዝር አነበቡለት፣ አይሱዙ ፈልግ ተባለ። አለቀ። አንዳንዱ «መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ነው» ይለኛል። እዚህም እኮ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬት የግል አይደለም። እርግጥ እናቴ የማሽካንታ፣ ማለትም የቤት ብድር፣ ዕዳዋን ከፍላ የጨረሰች ባለቤት ናት፣ እሱ የቀበሌ ተከራይ ነው። ይገባኛል። ግን አንድ ሰው ደብተር አውጥቶ ምን ትፈልጋለህ ቢለው ምን ይጎድል ነበር?

አጎቴ የሚያማርር ሰው አይደለም። ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው የደረሰው። «ሽንት ቤቱ የራሴ ነው፣ ተመስገን» ይላል። የካዛንቺስን ሽንት ቤት ወረፋ የሚያውቅ ያውቀዋል። የከፋው በዕድሩ ነው። አባላቱ በየሳይቱ ተበተኑ። «ድንኳኑ ከገንዘብ ያዡ ጋር ሌላ ሳይት ሄደ» አለኝ። «ወንበሮቹ ግን የት እንደገቡ ዛሬም አናውቅም። ባለፈው ሰው ሞቶብን ከሠርግ ቤት ተከራየን።»

ይህን ለእናቴ ማውራት አልነበረብኝም። ጠበቃው ለአምስተኛ ጊዜ ሲመጣ ፕላኑን ሳትገልጠው «ወንበሮቹስ የት ይቀመጣሉ?» አለችው። እሱም ደብተሩን አወጣ። እኔ ቅዳሜ ማታ ጤፍ አወጣለሁ።