ቀለሙን ግድግዳዬ ላይ አሳዩኝ

አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ሰው ቤት ለመሥራት ዕቁብ ጥሎ፣ ተበድሮ፣ ብሎኬቱን ቆጥሮ አስገብቶ ይደክማል። በመጨረሻ የቤቱን መልክ የሚወስነው ግን ከክብሪት ቀፎ በምታንስ የወረቀት ቁራጭ ነው። ያውም ፀሐይ በማይገባበት ሱቅ፣ በአምፖል ብርሃን። ሻጩ ካታሎጉን ይዘረጋና "የቱ ይሁን?" ይላል። ከኋላ ሰው እየጠበቀ ነው። በቃ። ለዓመታት ስትወጣም ስትገባም የምታየው ቀለም የሚመረጠው እንዲህ ነው።

እኛም ሰሞኑን የቤታችንን የውጪ ቀለም ልናስቀባ ተነስተን ያየነው ይኸንኑ ነው። ባለቤቴ አሸዋ የመሰለ ክሬም ፈለገች። መርካቶን ሱቅ በሱቅ አዳረስነው። የጠየቅነው ከባድ ነገር አልነበረም። "ግማሽ ሊትር ሽጡልን፣ ግድግዳው ላይ ቀብተን እንየውና የቀረውን መጥተን እንገዛለን።" መልሱ የትም ቦታ አንድ ነው፤ ከጋሎን በታች የለም። አንዱ ጭራሽ "ካታሎጉ ላይ እያየሽው ምን ያጠራጥርሻል?" ብሎ ተቆጣት። ገንዘቡን የምታወጣው እሷ፣ ቤቱ ውስጥ የምትኖረው እሷ፣ ቁጣው የሱ!

አዎ፣ ያጠራጥራል። ካርድ ላይ የሚታይና ሙሉ ግድግዳ ላይ የሚታይ ቀለም አንድ አይደለም። ካርዱ ላይ ፈዘዝ ያለ የሚመስለው ቢጫ ትልቅ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ዓይን ይወጋል። አምፖል ሥር ግራጫ የነበረው ደጅ ሲወጣ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ልስኑ ሻካራ ከሆነ በየቀዳዳው ጥላ ስለሚይዝ ጠቆር ይላል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ፊት ለፊቱና የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው ጓሮው እንኳ በአንድ ቀለም ተቀብተው አይመሳሰሉም። ይኼን ሻጮቹ ከኛ በላይ ያውቁታል።

ምርጫ ስላልነበረን ሙሉ ጋሎን ገዛን። ከዋናው በር አጠገብ በር የሚያክል ቦታ አስቀባን። ጠዋት ደስ የሚል ክሬም ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ያልበሰለ ሙዝ መሰለ። ጋሎኑን ልንመልስ ብንል "የተበጠበጠ ቀለም አይመለስም" ተባልን። እሱስ እውነቱን ነው፣ ለማን ይሸጠዋል? ለዚህ እኮ ነው ቀድሞውኑ ትንሽ ሽጡልን ያልነው።

በእጅ የሚበጠበጠው ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ ጋሎን ከሌላው አይገጥምም። የጎረቤታችንን ቤት ሄዳችሁ እዩት። ከመስኮቱ በታች አንድ ቀለም፣ ከመስኮቱ በላይ ሌላ ቀለም፤ መሐሉ ላይ በገመድ የተሰመረ የሚመስል መስመር። ቀለም ቀቢው "ሲደርቅ ይስተካከላል" አለ። ደረቀ። የውኃ ቀለም ሲደርቅ ጠቆር ይላል እንጂ ሁለት ቀለም አንድ አይሆንም፤ መስመሩ ዛሬም አለ። መፍትሔው ሁሉንም ባንድ ጊዜ ገዝቶ በአንድ በርሜል መቀላቀል ነው። ግን በዚህ ኑሮ ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚገዛ ስንት ሰው አለ? አብዛኛው ብር ባገኘ ቁጥር አንድ ሁለት ጋሎን እያለ ነው የሚገዛው። ስለዚህ የመጀመሪያው እንዴት እንደተበጠበጠ የሆነ ቦታ ሊጻፍ ይገባል። አይጻፍም።

የፀሐይውን ነገርማ የሚነግርህ የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ ለዓይን የማይታየው ቀለም የሚያገረጣ የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ቶሎ የሚገረጡት ለዚህ ነው። ከብረት ዝገት የሚሠሩት የአፈር ቀለሞች፣ የሸክላው፣ የቡናማው፣ የአፈር ቢጫው ዓይነት፣ ፀሐይ ይችላሉ። ልስኑስ? አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ካልቆየ ውስጡ ያለው እርጥበትና አልካሊ (የሲሚንቶው የሚያቃጥል ነገር) ቀለሙን ይበላዋል፣ ነጭ ጨው ያወጣል። ክረምት ላይ የተለሰነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እኛ ሀገር ግን ለእንቁጣጣሽ ይድረስ ተብሎ እርጥቡ ላይ ይቀባል፣ ጥር ላይ ይላጣል፣ ከዚያ ቀለሙ ይሰደባል።

አሁን አሁን ደግሞ የትም ብትገባ "ግራጫ ውሰድ" ነው። በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ግራጫ ከሆኑ ወዲህ ሻጩም ቀቢውም ሌላ ቀለም የረሳ ይመስላል። ግራጫን አልጠላም። ግን እኛ እኮ ቀለም የምናውቅ ሰዎች ነን። ሐረር ጀጎል ግቡና ነጩን፣ አረንጓዴውን፣ ሮዙን፣ ሰማያዊውን ግድግዳ እዩ። ጠባብ መንገድ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ቤቶች፣ አንዱ ሌላውን አይረብሽም። ጎንደር ፒያሳ ያሉትን የጣልያን ጊዜ ሕንፃዎች እዩ፤ ያ የአፈር ቢጫ ያንን ፀሐይ እንዴት እንደሚችለው! እናቶቻችን ለበዓል ጭቃ ቤት በኖራ ሲያስቀቡ እንኳ ጥግ ላይ ቀብተው፣ እስኪደርቅ ጠብቀው፣ አይተው ነበር የሚቀጥሉት።

ቀለም ለምትሸጡ፣ ለምታመርቱም የምለው ይኼ ነው። ሩብ ሊትር በትንሽ ጣሳ ሽጡልን። ዋጋውን ጨምሩበት፣ እንከፍላለን። የቀለሙን ቁጥርና የድብልቁን መጠን ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉልን፣ ስንመለስ ያንኑ እንድናገኝ። ካታሎጉንም ይዘን ደጅ ወጥተን በፀሐይ እንድናየው ፍቀዱልን። የኛ ግድግዳ አሁንም ከበሩ አጠገብ ያቺው ቁራጭ ብቻ ናት የተቀባችው። ትንሽ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አድራሻውን ጣሉልኝ፤ ነገውኑ እሄዳለሁ።