ሰው ተኝቶበታል

ሰሞኑን ሱፍ ልብሴ ከቁም ሳጥን ተባሮ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ቦታውን የወረሰችው አበባ ናት።

ስሟ ፖይንሴቲያ ነው። ያቺ ጫፏ ላይ ቀይ የምትደረድረዋ። ቤታችን ስትገባ ቀይ ነበረች፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ገና ከበሩ «ውይ ስታምር!» ይላታል። ከዚያ ቀዩ ረገፈ። አዲስ ቅጠል አወጣች፣ ቁመትም ጨመረች፤ ግን አረንጓዴ ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ። በልቶ ጠጥቶ ሥራ የማይፈልግ ጎረምሳ ሆነችብን።

አበባው እምቢ ያለበት ቤት ምክር አይጠፋውም። አንዱ «ውሃ አንሷት ነው» ይላል። ሌላው «ውሃ በዝቶባት ነው»። ሁለቱም ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተው ነው የሚፈርዱት። ጎረቤታችን «አናግሯት» አለችን። ባለቤቴ አንድ ሳምንት አናገረቻት። በዚያ ሳምንት እኔን ብዙም አላናገረችኝም፤ ቅር አላለኝም። ማዳበሪያም ጨመርንላት። ቅጠሏ እንደ መሃረብ ሰፋ። በመጨረሻ «ብርሃን አንሷት ይሆናል» ብለን ማታ ማታ ሳሎን አምፖል ሥር አስቀመጥናት። ትልቁ ጥፋታችን ይሄ ነበር።

ለካ ይቺ ልጅ የፈለገችው ጨለማ ኖሯል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በየቀኑ 14 ሰዓት ያህል፣ ሳይቋረጥ፣ ከ8 እስከ 10 ሳምንት። ቅጠሏ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ብርሃን የሚለይ ፕሮቲን አለ፤ የሌሊቱን ርዝመት የምታውቀው በእሱ ነው። መሃል ላይ መብራት ቦግ ካለ የቆጠረችው ይፈርስና ሌሊቱ እንደ አጭር ይታሰባል። እኛ ቤት ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቶ መብራት የማያበራ የለም።

የዚህን ነገር ምስጢር የፈቱት ጋርነር እና አላርድ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። ዝም ብሎ እየረዘመ አላብብ ያለ የትምባሆ ዘር ነበራቸው። በበጋው ከሰዓት በኋላ ጨለማ ቤት ያስገቡታል፣ ጠዋት ያወጡታል። አበበ። እ.ኤ.አ. በ1920 ጽፈው አሳተሙት። የመንግሥት ደሞዝ እየበሉ ትምባሆ ማስተኛት! እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ልጅ ሆኜ ባውቅ ኖሮ ሌላ ትምህርት ባልተማርኩ።

አሁን ቤታችን በእሷ ሰዓት ይተዳደራል። ማታ 11 ሰዓት ትገባለች፣ ጠዋት 1 ሰዓት ትወጣለች። ቀን መስኮቱ ሥር ብርሃኗን እስክትጠግብ ትቀመጣለች፤ ጨለማው ለሌሊት ብቻ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ካልሲ የፈለገ እስከ ነገ ይታገሥ። አንድ ማታ ልጃችን ቁም ሳጥኑን ከፍቶ «ተኝታለች?» ብሎ በስልኩ መብራት አያት። የእናቱ ጩኸት! እሱ ራሱ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ስልኩ ላይ አፍጥጦ ሲያመሽ እንዲያ ጮኻበት አታውቅም። በዚህ ቤት በሰዓቱ ተኝታ በሰዓቱ የምትነሳው አበባዋ ብቻ ናት።

ባለፈው ደግሞ ማታ እንግዳ መጣ። ጃኬቱን ተቀብዬ ከሱፌ ላይ ደረብኩት።

«ቁም ሳጥን የላችሁም እንዴ?»

«አለ፤ ሰው ተኝቶበታል» አልኩት ሳላስበው።

ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ሄደ።

በ7ኛው ሳምንት የጫፏ ቅጠሎች ቀላ ማለት ጀመሩ። ባለቤቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጎረቤታችን መጥታ አየችና «አላልኳችሁም? ማናገር ነው!» አለች። እኔም ማንበቤ እንዲታወቅልኝ ጣልቃ ገባሁ።

«ቀዩ እኮ አበባ አይደለም። ቅጠል ነው። አበባው ያቺ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ቢጫ ናት።»

ባለቤቴ ቀስ ብላ ዞረች።

«ሁለት ወር ሙሉ ቅጠል ነው ሳስተኛ የከረምኩት?»

ሱፌን መልሺልኝ ለማለት ጥሩ ሰዓት አልነበረም።