አገጭ በዱላ አይጠነክርም

ትልልቆቹ የአሜሪካ የቦክስ ግጥሚያዎች አዲስ አበባ የሚደርሱት እሁድ ማለዳ ነው። እዚያ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው። አራት ኪሎ አንዲት ካፌ ውስጥ ተሰብስበን፣ ማኪያቶ ይዘን፣ በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተን እናያለን። ባለፈው እሁድም የተለመደው ክርክር ተነሳ። አንዱ ቦክሰኛ ስድስት ሰባት ከባድ ቡጢ ተቀብሎ ቆሞ ጨረሰ። ሌላው በአንድ ሁክ፣ ከጎን በሚመጣ ቡጢ፣ ተዘረረ። ለምን?

ከጠረጴዛው ሁለት መልስ መጣ። ግማሾቹ «ሲፈጠር ጠንካራ ነው» አሉ። ሌሎቹ «ልጅ እያለ ዱላ ስለበላ ለምዶት ነው» አሉ። የመጀመሪያው ከፊል እውነት አለው። ሁለተኛው ግን ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍኩ ነበር። በዚህ እምነት ልጆች ይጎዳሉ።

ዝረራ ምንድን ነው? አንጎላችን 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከራስ ቅላችን ጋር የተጣበቀ አይደለም፤ በፈሳሽ ተከቦ ነው የተቀመጠው። ወተት የያዘ ቅል አስቡ። ቅሉን ድንገት ጠምዘዝ ብታደርጉት ቅሉ ወዲያው ይዞራል፣ ወተቱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። በጎን መጥቶ አገጭ ላይ የሚያርፍ ሁክም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። አገጭ እንደ በር እጀታ ነው። ከማጠፊያው ራቅ ስለሚል ትንሽ ጉልበት ብዙ ያዞራል። ራስ ሲዞር አንጎል ይዘገያል፣ ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ይወጠራሉ፣ ንቃትን የሚቆጣጠረው ክፍል ለጊዜው ሥራውን ያቆማል። የተዘረረ ቦክሰኛ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ወለሉን ለመደገፍ እንደማይሞክር አስተውላችኋል? መሬት ሳይነካ በፊት ራሱን ስቷል።

ስለዚህ የአጥንት ነገር አይደለም። ዋናው ጥያቄ ራሱ በምን ያህል ፍጥነት ዞረ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አንገት ይመጣል። አንገቱ ጠንካራ የሆነ፣ ጡንቻውንም በሰዓቱ ያጠበቀ ሰው ራሱ ከትከሻውና ከደረቱ ጋር አንድ ይሆናል። ቡጢው ራሱን ብቻ ሳይሆን መላ አካሉን መግፋት አለበት። «በሰዓቱ» የሚለው ቃል ግን ቀላል አይደለም። ጡንቻ የሚጠብቀው ቡጢው ሲመጣ ከታየ ነው። ቦክሰኞች የሚጥልህ ያላየኸው ቡጢ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። ያየው ሰው አገጩን ዝቅ ያደርጋል፣ የጥርስ መከላከያውን ይነክሳል፣ ራሱን ከቡጢው ጋር አብሮ ይወስዳል። ያው ቡጢ ነው፤ ያላየውን ግን ይዘርራል።

ማይክ ታይሰንን ውሰዱ። አንገቱ ዓለም ያወቀው ነው። በጭንቅላቱ ወለል ላይ ተደግፎ አንገቱን የሚያጠነክርበት ልምምድም ታዋቂ ነው። በየካቲት ወር 1990 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ቶኪዮ ላይ ግን በበስተር ዳግላስ በ10ኛው ዙር ተዘረረ። አንገቱ አልቀጠነም ነበር። የግራ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፣ እግሩ ዝሏል፣ ዘጠኝ ዙር ሙሉ ጃብ፣ ቀጥ ብሎ የሚወረወር የፊት እጅ ቡጢ፣ ጠጥቷል። ዓይንና እግር ሲሄዱ አንገት ብቻውን አላዳነውም።

ስለ እግር ካነሳን፣ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ማለዳ የሚሮጡትን የቦክስ ልጆች ሳይ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው ሩጫውን ለትንፋሽ ብቻ ይመስለዋል። ለአገጭም ነው። የደከመ ቦክሰኛ እጁ ይወርዳል፣ ዓይኑ ይዘገያል፣ አንገቱ ይላላል። በሚዛን ሰሞን ላስቲክ ለብሶ ላብ እያፈሰሰ ኪሎ የሚቀንስ ልጅም ውኃውን ጨርሶ ሪንግ ሲወጣ ራሱን ለአደጋ ነው የሚያጋልጠው።

ተፈጥሮ ድርሻ የለውም አልልም። አለው። ካናዳዊው ጆርጅ ቹቫሎ 93 ጊዜ ተጋጥሟል። መሐመድ አሊን ሁለት ጊዜ፣ ጆ ፍሬዘርን፣ ጆርጅ ፎርማንን ገጥሟል። አንድም ቀን መሬት አልነካም። ፍሬዘርና ፎርማን እንኳ ያሸነፉት ቆሞ እያለ ዳኛ አስቁሞላቸው ነው። ማርቪን ሃግለርም በ67 ግጥሚያ ወደቀ ተብሎ የተቆጠረበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም አንሸራቶት ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እንዲህ ያለ ነገር በልምምድ ብቻ አይመጣም።

እኔን ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን ዩክሬናዊው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ቭላድሚር ክሊችኮ ነው። በ2003 እና በ2004 ሁለት ጊዜ በዝረራ ተሸንፎ «አገጩ መስታወት ነው፣ አበቃለት» ተባለ። አሰልጣኙ ኢማኑኤል ስቱዋርድ ምን አደረገ? አገጩን ቡጢ አላስለመደውም። ርቀት አስተማረው። ረጅሙን ጃብ እየወረወረ ማራቅ፣ የሚቀርበውን ደግሞ ማቀፍና መጫን አስተማረው። ከዚያ በኋላ ክሊችኮ 11 ዓመት ሳይሸነፍ ቆየ። በ2015 በታይሰን ፊዩሪ ሲሸነፍም በነጥብ ነው። አገጩ ያው የድሮው ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ ልምጣ። ዱላ መልመድ።

እጅ በሥራ ይሻክራል። እግር በባዶው ሲሄድ ይጠነክራል። አንጎል ግን አይሻክርም። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በ1928 ብዙ ዱላ የበሉ ቦክሰኞች እየቆዩ እንደሰከረ ሰው ሲንገዳገዱ፣ ሲንተባተቡና ሲዘነጉ አይቶ ጽፏል። ወደ መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። ጄሪ ኳሪ ከአሊም ከፍሬዘርም ጋር የተጋጠመ፣ ዱላ በመቻሉ የሚደነቅ ሰው ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሌሎች ነበሩ የሚያለብሱትና የሚያጎርሱት። በ1999 ሲሞት ገና 53 ዓመቱ ነበር። ዱላ መቻሉ ያተረፈለት ነገር ቢኖር ተጨማሪ ዱላ ነው። ቶሎ የሚወድቅ ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የማይወድቀው እስከ መጨረሻው ዙር ቆሞ ይቀበላል።

እኔ 17 ዓመቴ እያለ መሀል ከተማ አንድ ጂም ውስጥ እሠለጥን ነበር። ስሙን አልጠራም። አሰልጣኛችን ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም የተማረው እንደዚያው ነው። አርብ አርብ ታናናሾቹን በመስመር ያቆመናል። እጃችሁን አውርዱ ይለናል። ከዚያ አንድ ትልቅ ልጅ እየዞረ አገጫችንን ይመታል። «አስለምዱት» ይባላል። ዓይኑን የጨፈነ ይሰደባል። እንግዲህ አስቡት፤ ዓይን፣ እጅና እግር፣ የሚያድኑን ነገሮች በሙሉ እንዲጠፉ ተደርጎ ነበር የምንመታው።

አንድ ጓደኛዬ አንድ ረቡዕ ስፓሪንግ፣ የልምምድ ግጥሚያ፣ ላይ ወደቀ። ተነሳ፣ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። የቤቱን መንገድ ግን እኔ ነበርኩ የማሳየው። አርብ ዕለት ተመልሶ ጓንት አጠለቀ። ማንም አልከለከለውም፤ እኔም አልከለከልኩትም። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ራሱን ያመው ነበር። የታክሲ ረዳት ጩኸት እንኳ ይከብደው ነበር። ትምህርቱ ወደ ኋላ ቀረ። ቦክሱንም ተወው።

ያኔ ባውቅ ኖሮ የምለው ነበረኝ። ለዓመታት በሥራ ላይ የነበረው የአማተር ቦክስ ሕግ በራስ ምት የተዘረረ ቦክሰኛ ቢያንስ 30 ቀን እንዳይጋጠም ይከለክል ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ሁለተኛ ከተዘረረ 90 ቀን። በ12 ወር ሦስት ጊዜ ከሆነ አንድ ዓመት። ክልከላው ስፓሪንግንም ይጨምር ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያላገገመ አንጎል ላይ የሚያርፍ ሁለተኛ ምት፣ ቀላልም ቢሆን፣ ሊገድል ይችላል።

«የራስ መከላከያ አለን» የሚሉኝ አሰልጣኞች አሉ። ጥሩ ነው፣ ቅንድብ ከመተርተር ያድናል። የራስን መዞር ግን አያስቆምም። ዓለም አቀፉ የአማተር ቦክስ ማኅበርም በ2013 ከዋናዎቹ የወንዶች ውድድሮች አንስቶታል። በሪዮ ኦሎምፒክ ወንዶቹ ያለ እሱ ነው የተጋጠሙት።

ቦክስ እወዳለሁ። ልጄ ልሠልጥን ቢለኝ እሺ እለዋለሁ። ግን ጂሙን አስቀድሜ አየዋለሁ። አንገት ያሠራሉ? ስፓሪንጉ በለስላሳ ነው ወይስ በየሳምንቱ ጦርነት? ታናሹን ከትልቁ ጋር ያጋጥማሉ? የወደቀ ልጅ ምን ይደረጋል?

ክለቦቻችን ገንዘብ እንደሌላቸው አውቃለሁ። በየልምምዱ ሐኪም ይቁም ብዬ አልጠይቅም። የምጠይቀው ደብተር ነው። በሩ አጠገብ የሚቀመጥ፣ የልጁ ስም፣ የወደቀበት ቀንና የሚመለስበት ቀን የሚጻፍበት አንድ ደብተር። ዋና አሰልጣኙም ቢሆን ያንን ቀን እንዳይሽረው።

በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ደብተር ቢኖር የጓደኛዬ ስም ረቡዕ ማታ ይጻፍ ነበር። አርብ ዕለት ጓንት አይሰጠውም ነበር።