ጥቁሩ ውሻ

በጉዟችን ዘጠነኛ ቀን ማታ፣ አምስት ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ስለ አንድ ውሻ መልክ ሲከራከሩ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አንዱ ጥቁር ነው አለ። ሌላው ጥቁርነቱን ሳይክድ ደረቱ ላይ ነጭ ነገር ጨመረበት። መሪያችን አንድ ጆሮው ቆራጣ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ አለ። እኔ ዝም አልኩ። ውሻው የኔ ነበር፤ ማለቴ፣ አራተኛው ቀን ላይ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

በነጋታው ቤታችን እንገባለን። በቡድን በሞተር የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ጉዞ አይደሉም፣ ቃለ ጉባኤ ማጽደቂያ ናቸው። የሆነው ሆኗል። የሚቀረው፣ ምን ሆነ ብለን እንደምናወራ መስማማት ነው።

ሰልፉም የሚፈርሰው ያን ጊዜ ነው። ሞተሮች አብረው ሲሄዱ ዝም ብለው አይግተለተሉም። መሪው የመስመሩን አንድ ጎን ይይዛል፣ ሁለተኛው ሌላውን ጎን፣ ሦስተኛው ተመልሶ ከመሪው ጀርባ። በሰያፍ ካለው 1 ሰከንድ፣ በቀጥታ ከፊትህ ካለው 2 ሰከንድ ትርቃለህ፤ ኩርባ ላይ ሁሉም በነጠላ። የመጀመሪያው ቀን ይህን እንደ መዝሙር ስንደጋግመው ነበር። ዘጠነኛው ቀን ላይ ከሩቅ ያየን ሰው ግን ሰባት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ መንገድ ላይ ድንገት የተገናኙ ነው የሚመስለው። ገንዘብ ያዣችን ከፎቶ አንሺያችን ኋላ መሄድ ካቆመ ሦስት ቀኑ ነው። ምክንያቱን ሁለቱም አይናገሩም፤ ፎቶ አንሺው "ቆይ፣ አንዴ ተመለስና እንደገና እለፍ" እያለ አንድ ድልድይ አራት ጊዜ እንዳሻገረው ግን ሁላችንም አይተናል።

መስቀለኛ መንገድ ላይም ሕግ አለ። ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው መታጠፊያው ላይ ይቆምና የመጨረሻው ሞተር እስኪደርስ ድረስ የሚመጣውን ሁሉ ያሳልፋል። እንዲህ ከሆነ ካርታ የማያይም አይጠፋም። ስምንተኛው ቀን ላይ የመቆም ተራ የደረሰው ወጣቱ ጓዳችን ነበር። ቤት ቤት ሸተተው መሰለኝ፣ ሁለት ሞተር አሳልፎ "የቀሩትም አእምሮ አላቸው" ብሎ ሄደ። አእምሮ ያለን ሦስት ሰዎች አርባ ደቂቃ ሙሉ በተቃራኒው አቅጣጫ ነዳን። በማታው ቃለ ጉባኤ "ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ አካባቢውን ቃኘ" ተብሎ ተያዘ።

መሪያችንን አልኮንነውም። ሞተር ላይ ያለው መሪ ራሱ ተንኮለኛ ነገር ነው። ፍጥነት ከያዝክ በኋላ ወደ ግራ መታጠፍ ስትፈልግ የግራውን እጀታ ወደ ፊት ትገፋለህ፤ መሪው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ወደ ግራ ይጋደምና ወደ ግራ ይሄድልሃል። የኛም መሪ ጠባዩ ይኸው ነው። ግራውን እንዲይዝልህ ካሻህ "ወደ ቀኝ እንሂድ" ማለት ነው። ይህ የገባን ሰባተኛው ቀን ላይ ስለሆነ ብዙም አልተጠቀምንበትም።

ቃለ ጉባኤው ውስጥ ጨርሶ የማይገባው የመቀመጫ ጉዳይ ነው። መጨረሻው አካባቢ ሁሉም ሰው ነዳጅ ማደያ ላይ ቆሞ ይጠጣል፣ ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ይጣላል። ወንበር ሲስቡለት "ኧረ ተወኝ፣ ቆሜ ይሻለኛል" ይላል። ችግሩ ከሞተር ሳይክል ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ የሠሩትን የእንጨት ሞተር ሳይክል የዳይምለር ልጅ ፓውል ሲነዳው መቀመጫው በእሳት ተያያዘ ይባላል። የሞተሩ መቀመጫ ማለቴ ነው። ቤንዚኑን የሚለኩሰው የጋለ ቱቦ ልክ ከሥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚነዳ ሰው ግን እሳቱ ዛሬም አልጠፋም።

ወደ ውሻዬ ልመለስ።

አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንቴ መጣና ከቡድኑ ተነጥዬ መንገድ ዳር ወጣሁ። ሞተሬ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ታንኩንም ገና መሙላቴ ነበር፣ 20 ሊትር ቤንዚን ለብቻው 15 ኪሎ ያህል ነው። ቆምኩ። ቁልፉን አጠፋሁ። ስታንዱን በግራ እግሬ ገፋሁትና "ቀጭ" ሲል ሰማሁ። የሰማሁት ጉልበቴን ኖሯል። ተዝናንቼ ሞተሩን ወደ ግራ አስደገፍኩት፤ የሚደገፈው ነገር የለም። ሞተር ዱብ ብሎ የሚወድቅ የሚመስለው ላልወደቀበት ሰው ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ይላል፣ ያዘኝ እንጂ የሚል ያህል ጊዜ ይሰጥሃል፣ አንተም ትይዘዋለህ፣ እግርህ ጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ተቃቅፋችሁ ትተኛላችሁ። ፍጥነቴ ዜሮ ነበር። የግራው ፍሬቻ ተሰበረ፣ የፍሪሲዮኑ መጨበጫ ታጠፈ፣ ስፔኪዮው ዞሮ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ቀና ስል ጋሼ ሃያ እርምጃ ርቀው ሞተራቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። የሄልሜታቸው መስተዋት ወደ ላይ ተከፍቷል። ከመጀመሪያው ጀምሮ እያዩኝ ነበር።

ጋሼ በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ ሥራቸው ጭራ መያዝ ነው። ከኋላቸው የሚያማቸው የለም፣ ከኋላቸው ሰው የለማ። የቆመ ካለ አብረው ይቆማሉ፣ የወደቀ ካለ ያነሳሉ። ወጣቶቹ "ጋሼ ቀስ ነው የሚነዱት" ይሏቸዋል። አለማወቅ ነው። መሪው ከኩርባ ወጥቶ ቤንዚን ሲሰጥ ሁለተኛው ትንሽ ይዘገያል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይዘገያል፣ ይህ ሁሉ መዘግየት ተጠራቅሞ ዕዳው የመጨረሻው ሰው ላይ ይወድቃል። ከፊት በ80 ሲኬድ ከኋላ ያለው ለመድረስ ከ100 በላይ የሚነዳበት ጊዜ አለ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሁላችንም በላይ የበረሩት እኚያ ቀርፋፋ የተባሉት ሰው ናቸው።

ምንም አላሉኝም። ጀርባችንን ለሞተሩ ሰጥተን፣ ሸብረክ ብለን፣ አንዳችን መሪውን አንዳችን ከመቀመጫው ሥር ይዘን፣ በእግራችን ወደ ኋላ እየገፋን አቆምነው። ፍሬቻውን በፕላስተር ጠመጠሙልኝ። "ሂድ" አሉኝ።

ቡድኑ ጋ ስደርስ ሁሉም ፍሬቻዬን አዩ። "ምን ሆንክ?" "ውሻ ገባብኝ።" ውሻ የመረጥኩት መጥቶ ስለማይመሰክር ነው። እነሱ እንደሚመሰክሩለት ግን አላሰብኩም።

ዘጠነኛው ቀን ማታ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ወጣቱ አምስተኛው ቀን ላይ ቤንዚን ጨርሶ በገመድ የተጎተተ ሰው ነው። በቃለ ጉባኤው "የቤንዚን መስመሩ ተደፍኖበት" ሆነ፤ አጸደቅንለት። "መካኒካችን" (በሙያው ሒሳብ ሠራተኛ ነው) የአንዱን ካቴና ፈትቶ ሲገጥም አንድ ብሎን ተርፎት ኪሱ ከተተ። "ሞተሩን አቀለለው" ሆነ፤ አጸደቅን። ፎቶ አንሺው ቁልቁለቱ ላይ 160 ነዳሁ ሲል ማንም ቆጣሪውን አሳየን አላለውም። ለነገሩ ማጋነኑን ከማሽኑ ነው የተማርነው፤ የፍጥነት ቆጣሪ ከእውነቱ በላይ ቢያሳይ በብዙ አገር ደንቡ እስከ ልኩ ይታገሠዋል፣ በታች ቢያሳይ ግን አይምረውም። መሪያችን የጠፋበትን መንገድ "አማራጭ መንገድ" ሲለው ራሴን በአዎንታ የነቀነቅኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። ለካ የውሻዬን ጆሮ የቆረጠልኝ ብድሩን ሲመልስ ነው።

ጋሼ ጥግ ይዘው ጓንታቸውን ይሰፋሉ። አንድም ቃል አልተነፈሱም። እሳቸው የሚያጸድቁት ነገር የላቸውም፤ ሁሉንም ነገር ያዩት ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። ክርክሩ ጋብ ባለ ቁጥር ዓይናችን ወደ እሳቸው ይሄዳል፣ ክሩን በጥርሳቸው በጠስ ያደርጉና ይቀጥላሉ።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወፍ ሳይንጫጫ ተነስቼ፣ ሰው ሳያየኝ የጋሼን ካቴና በደንብ ዘይት ቀባሁት። ትንሽ ውለታ ምን ይጎዳል? ጠዋት ለመጨረሻው መንገድ ስንነሳ የጋሼ ሞተር ገና አሥር ሜትር ሳይሄድ ዘይቱን ይረጨው ጀመር። ቸርኬው፣ ቦት ጫማቸው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ድረስ ዘይት በዘይት። አወረዷቸው፣ ሞተሩ ይታይ ተባለ። መካኒካችን ካቴናውን በጣቱ ነካ አድርጎ "ይሄ ነገር አንድ ሰው የቀባው አይደለም" አለ፣ ወዲያውም ቀላ። ወጣቱ ጫማውን አጎንብሶ ማሰር ጀመረ። የሰውየው ጫማ ማሰሪያ የለውም። መሪያችን ከመንገዱ ማዶ የሆነ ተራራ ያደንቃል። እኔ ስንተኛው እንደሆንኩ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ጋሼ የኋላ ጎማቸውን በጨርቅ አንድ በአንድ፣ ዙሪያውን፣ እየዞሩ ጠረጉት። ዘይት የነካው ጎማ ኩርባ ላይ ይጥላል፤ ስለዚህ አልቸኮሉም። ስድስት ሰው ቆሞ ጠበቃቸው። ጨርቁን ጨምቀው አጣጠፉት፣ ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱት፣ "እንሂድ" አሉ። በዚያ ጉዞ ሰልፋችን እንደ መጨረሻው ቀን አምሮ አያውቅም። ሁለት ሰከንዱም አንድ ሰከንዱም በቦታው፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የቆመው ሰው ሐውልት ሆኖ ይጠብቃል። ገንዘብ ያዡ ሳይቀር ከፎቶ አንሺው ኋላ ገባ።

የመጨረሻው ማደያ ላይ ተቃቅፈን ተለያየን። ቁጥር ተለዋወጥን፣ ቁጥራችንን ግን ሁላችንም ከዘጠኝ ቀን በፊት ይዘናል። ጋሼ እኔን የተሰናበቱት መጨረሻ ነው። ጓንታቸውን አውልቀው ጨበጡኝ፣ በፕላስተር የታሰረውን ፍሬቻዬን አየት አደረጉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ለመሆኑ ውሻው እንዴት ሆነ?"

"ትንሽ ያነክሳል፣ ጋሼ።"

"እግዜር ይማረው" ብለው ሞተራቸውን አስነሱ።