ማፍላት እርሳስን አያጠፋም

እህቴ፣ «የሰፈራችን ዋናው የውሃ መስመር እየተቀየረ ነው፤ እስኪያልቅ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ምንም አትሆኑም» ያልሽው ግማሹ ልክ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል። እዚህ አሜሪካ ሊድ የሚሉት እርሳስ ግን የብረታ ብረት ዓይነት ነው፤ በእንፋሎት አይወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ በቀረው ውስጥ ይበዛል።

ዋሽንግተን ዲሲ ለምንኖር ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. ጀርም የሚገድለው የውሃ ማከሚያ ኬሚካል ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ተቀየረ። ከዚያ በኋላ እርሳሱ ከአሮጌ ቱቦዎች እየሟሟ ብዙ ቤት ገባ። ሕፃናትም ጠጡት።

ደግሞ አስፋልቱ ስር ያለው ትልቁ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሳስ ሳይሆን ከተራ ብረት (አይረን) የተሠራ ነው። እርሳሱ በብዛት የሚገኘው ከሱ ወደ ቤት በሚገባው ቀጭን ቱቦ ላይ ነው። ዋናው ተቀየረ ማለት ያንቺ ተቀየረ ማለት አይደለም። ቁፋሮው አሮጌውን ቱቦ ሲያነቃንቀው የእርሳስ ፍርፋሪ ሊለቅ ይችላል።

ስለዚህ ቀዝቃዛውን ውሃ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ልቀቂው። የቧንቧውን አፍ ወንፊት ፈትተሽ እጠቢ። ለመጠጥና ለምግብ፣ እርሳስ እንደሚያስቀር የተመሰከረለት ማጣሪያ ተጠቀሚ። የሕፃን ወተት በሙቅ የቧንቧ ውሃ አትበጥብጪ፣ እባክሽ። ሙቅ ውሃ እርሳስን ይበልጥ ያሟሟል።